ዘሃራ የጎተተችው እግር

እቴቴ ዘሃራ ማረፏን መጀመሪያ የነገሩኝ ፍየሎቿ ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ግን የሆነው እንደዚያ ነው። ኅዳር ላይ ነበር። ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ ከግቢ ስወጣ ፍየሎቿ ያለ ጠባቂና ያለ ስድብ አጥራችን ላይ የተሰጣውን የእናቴን ሻሽ ከበው ያኝካሉ። ያለ ስድብ ያልኩት አውቄ ነው። የእቴቴ ዘሃራ ፍየል ሳይሰደብ አንድ እርምጃ ተራምዶ አያውቅም። እኛ ሰፈር አዛኑ ይቀድማል፣ ደወሉ ይከተላል፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ ነው። «ሂጂ አንቺ ባል አስመራሪ። አንተም ጢምህን ይዘህ ቀጥል፣ ቃዲ መሰልክ።» ቆቦ ከተማ ውስጥ ሰዓት የሌለው ሰው በዚህ ድምፅ ይነሣል።

እናቴ ሻሿን ልታስጥል ወጣች። ፍየሎቹን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከኋላቸው ማንም የለም። ሻሹን እዚያው ትታ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እቴቴ ዘሃራ ቤት ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። በእንቅልፏ ነው የሄደችው። ልጇ ከድጃ በድንጋጤ የጋጣውን በር ከፍታ ትታው ነበር። የዚያኑ ዕለት ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረች።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ሴቶቹ «አላህ ይርሐማት» ካሉ በኋላ ተራ በተራ ስለ እሷ ማውራት ጀመሩ። አንዷ «የልጄን ስም ያወጣችው እሷ ናት» አለች። ሌላዋ «እኔንና ባሌን ያስታረቀችን በስድብ ነው፤ ሁለታችንንም እኩል ሰደበችን፣ እኩል መሆናችንን ያን ቀን አወቅን» ስትል ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን። የኔ ወሬ ግን ረጅም ነበር፤ ስለ እግር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። የአማርኛ አስተማሪያችን «አንቺ ልጅ ትጽፊያለሽ» ካሉኝ ወዲህ ደግሞ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ያምረኛል። እንግዲህ ይኸው ልጻፈው።

እቴቴ ዘሃራ ረጅም ነበረች፣ ቀጭን፣ አንገቷ ከሰው መሐል የሚታይ። ተረከዟ በበጋ እንደሚሰነጠቀው የራያ ጥቁር መሬት የተሰነጠቀ ነበር፤ ቅቤ ቀቢው ስንላት «ለፀጉሬ ይብቃኝ» ትላለች። ሥራዋ የፍየል ንግድ ነው። ከቆላ ከሚመጡት አፋሮች ትገዛለች፣ በገበያ ቀን ትሸጣለች። አፋርኛ የምታውቀው ለዋጋ የሚበቃውን ያህል ነው። በጣም ስትቆጣ ደግሞ ከእናቷ የቀሩ የኦሮምኛ ቃላት ይመጣሉ፤ ትርጉማቸውን ማናችንም አናውቅም፣ ፍየሎቹ ግን ያውቃሉ።

ዕድሜዋን ዓይተን አንቱ ስንላት ትቆጣ ነበር። «አንቱ ለሽማግሌ ነው። እኔ ገና ምን አየሁና» ትላለች። ስለዚህ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አንቺ ይላታል። እሷም ለሁላችንም በፍየል ደንብ ስም አውጥታልናለች። ጓደኛዬ ሃያት ድምፀ መረዋ ስለሆነች «ጯሂት» ናት። እኔ ግንባሬ ሰፊና ነጣ ያለ ነው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳለባት ፍየል «ቦቃዬ» ትለኛለች። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር።

ከንግግሯ ሁሉ የማልረሳው አንድ አለ። «ፍየል ስትገዢ ጥርሷን እዪ፣ ሰው ስትመርጪ ተረከዙን» ትል ነበር። ለምን ስላት፣ «ጥርስ ለማንም ይስቃል። ተረከዝ ግን ካልተደሰተ አይመታም» አለችኝ።

ደግሞ አትዋሽም። ይህን የምለው ስለሞተች አይደለም፤ ገበያው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ገዢ ሳይጠይቃት የራሷን ፍየል ነውር ትዘረዝራለች። «ይቺ ትዋጋለች። ይሄኛው ገመድ ይበላል፣ ወላሂ፣ የትናንቱን ገመድ ሆዱ ውስጥ ታገኘዋለህ።» ከድጃ በአፏ ላይ እጇን ልትጭን ምንም አይቀራት። የሚገርመው ግን ሰው ከእሷ መግዛት ይወዳል። ሁለት ሰዎች በፍየል ሲጣሉ «ዘሃራ ትጠየቅ» ይባላል። እሷ ወላሂ ካለች ነገሩ አለቀ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወደ ጭፈራው ልምጣ። ሌላው አገር በትከሻው ሲናገር እኛ በተረከዛችን ነው የምንናገረው። ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሴቶቹ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዷ ግጥም ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ተረከዝ መሬቱን ይመታል። በእቴቴ ዘሃራ ጊዜ ከጭብጨባና ከእግር በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበረም። አሁን ሠርግ ላይ ሞንታርቦ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ ልጃገረዶቹም ፊት ለፊታቸው ያለውን ጎረምሳ ትተው ወደ ስልኩ ዞረው ይመታሉ። ሌሎች አሮጊቶች ይህን ሲያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሷ ግን እኛ ቤት መጥታ ከእናቴ ስልክ ላይ ቲክቶክ ታያለች። «ይቺን ድገሚልኝ። አይ፣ ያቺን ቀዩዋን። እግሯን ምን አደረገችው?» ትላለች። ቅር የሚላት በኪቦርዱ ብቻ ነበር። «እሱ አይደክመውም» ትላለች። «ጭፈራ ደግሞ አብሮሽ የሚደክም ይፈልጋል።»

ከጭፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚወደው ጎተት የምንለው ነው። ሁለት ጊዜ በቀኝ ተረከዝ ይመታል፣ ከዚያ ግራው እግር መሬት እየነካ ጎተት ይላል፣ እንደገና ሁለት ምት፣ ጎተት። ብዙ ሆነን ስናደርገው መሬቱ የሚተነፍስ ይመስላል። ሕዝቡ ጎተት ሲመጣ አብሮ ይጮኻል። ከየት መጣ ብትሉ የቆቦ ሰው ሁሉ «የጥንት ነው» ይላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው።

አምና ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ተፈቶ የሶለል ጨዋታ ሊገባ ሲል፣ ትምህርት ቤታችን ውድድር ነበረበት። ሶለል የልጃገረዶች በዓል ነው፤ እኛ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ይወጣል። ያሸነፈ ቡድን ደሴ ሄዶ ትልቅ መድረክ ላይ ይጨፍራል ተብሏል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከወልዲያ ወዲያ አልፈው አያውቁም። ሃያት ደሴ ላለ አጎቷ ደውላ «አልጋ አዘጋጅ» ብላዋለች። ከጎጃም ተመድበው የመጡት፣ የባህል ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት መምህር ጌትነት ደንቡን ሲያነቡልን አንድ ነገር ደግመው ነገሩን። ከጥንት ያልነበረ፣ አዲስ የተጨመረ እንቅስቃሴ ካለ ነጥብ ይቀነሳል።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ እቴቴ ዘሃራን ሣር ተሸክማ አገኘኋትና ግማሹን ተቀበልኳት።

«ምን ስትወቁ ዋላችሁ?» አለችኝ።

«ጎተትን። እንዴት አምሮልናል መሰለሽ።»

ሣቀች። «ጎተትን ማን እንዳመጣው ታውቂያለሽ ቦቃዬ?»

«የጥንት ነው።»

«ጥንት የማን ልጅ ነው?»

ሣሩን አውርዳ ተቀመጠችበት።

«ዋጃ ከተማ አንድ ሠርግ ነበር» አለች። «ያኔ ያንቺን ያህል ብሆን ነው። እግሬ ጫማ አያውቅም። አክስቴ የኮንጎ ጫማዋን አዋሰችኝ፣ ጠፍቶብሽ እንዳትመጪ ብላ። ገና መምታት ስጀምር ማሰሪያው ብጥስ። ጎንበስ ብዬ እንዳላነሳው መሐል ላይ ነኝ፣ ወንዶቹ ያዩኛል። ጥዬው እንዳልሄድ አክስቴ አለች። ጣቶቼን ቆልምሜ ያዝኩትና ጎተት አደረግሁት። ሁለት መታሁ፣ ጎተት። ሁለት መታሁ፣ ጎተት። ዞር ብል ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ይጎትታሉ።»

«ለምን?»

«ከዚያ በፊት አላማጣ ደርሼ መጥቼ ነበር። የአላማጣ አዲስ ነገር መሰላቸው። ጫማ ያላደረጉት ሳይቀሩ ጎተቱ።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለችና ሣሯን አንሥታ ሄደች።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አሳቀኝ። ከዚያ የነጥቡን ነገር አስታወስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንም ካልጠየቃት ምንም አይመጣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የውድድሩ ቀን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ነበር። ከጎረቤት ከተማ የመጡት የጎብዬ ልጆች ከእኛ በፊት ወጡ። ጥሩ ናቸው፣ አልክድም፤ አወራረዳቸው ያምራል፣ ጎተት ግን የላቸውም። ቀጥሎ እኛ ገባን። ሃያት አወረደች፣ ተቀበልን፣ ጎተት ስንደርስ ጭቃው ላይ መስመር በመስመር እያሰመርን ሄድን፤ የሕዝቡ ጩኸት ከሞንታርቦው በለጠ። ዳኞቹ ሱሪያቸው ላይ የረጨነውን ጭቃ እየጠረጉ እንኳ ያጨበጭቡ ነበር። ስንጨርስ ሃያት ጆሮዬ ላይ «ደሴ» አለችኝ።

ያኔ የጎብዬ ልጆች አሠልጣኝ እጁን አወጣ። «ይሄ እግር የሚጎተተው ነገር እኛ ዘንድ የለም። ስንት ዓመት ነው? ከየት መጣ?» አለ።

መነጽር ያደረጉት ዋና ዳኛ ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩና ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ከአገሩ አዋቂ የሚመሰክር ካለ ይቅረብ» አሉ። ሕዝቡ ሳይማከር በአንድ አፍ «ዘሃራ ትጠየቅ» አለ።

ሃያት ደስታዋን መቆጣጠር አቃታት። «አበቃ፣ የኛው ሰው ናት» አለች። በዚያ ሜዳ ላይ እንዳላበቃ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እቴቴ ዘሃራ የፍየል መንጃ ዱላዋን ይዛ ከአጥሩ ሥር መጣች። እኔ ቡድኑ መሐል ቆሜ ራሴን እነቀንቅላታለሁ፣ እባክሽ እንደማለት። አየችኝ። ድምፅ ማጉያው አፏ ሥር ገብቷል። «ቦቃዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትነቀንቂው? ዝንብ ነው?» አለች። ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ» አሉ ዳኛው፣ «ይህ እንቅስቃሴ ከጥንት የነበረ ነው?»

«የቱ?»

«እግር የሚጎተተው።»

«እሱማ የኔ ነው።»

«የእርስዎ ማለት?»

«ጫማዬ ተበጥሶ ነዋ።»

ከዚያ ዋጃን፣ አክስቷን፣ ኮንጎ ጫማውን፣ አላማጣን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስታወራ እግሯ ዝም አላለም፣ እየጎተተች ታሳያቸዋለች። ሕዝቡ በሣቅ ተንፈራፈረ። እኛ ግን አልሳቅንም። ሃያት እጄን ለቀቀችው።

«ስለዚህ የተጨመረ ነው ማለት ነው» አሉ ዳኛው።

«እንዴታ። አንተስ ልጄ፣ ከጥንት ነበርክ እንዴ? እናትህ ጨመረችህ እንጂ።»

ዳኛው ራሳቸው ሣቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ነጥባችን ተቀነሰ፤ ጎብዬዎች ደሴ ሄዱ፣ እኛ ወደየቤታችን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ሃያት «አሮጊቷ ሸጠችን» ማለቷን አላቆመችም። በመንገድ ስናገኛት ሰላም የማይሏት ነበሩ። እኔም አኮረፍኩ። እናቴ ይህን ስታይ «ለፍየል ብላ ያልዋሸች ሴት ለናንተ ትዋሽ?» ብላ ገሠጸችኝ። እውነት ነው፤ ግን ደሴም ደሴ ናት። ጭራሽ የጎብዬ ልጆች ደሴ ላይ የጨፈሩት ቪድዮ ስልካችን ላይ ሲደርስ፣ ከመሐል ጎተትን አስገብተውታል። ነጥብ የሚቀንስ አልነበረም እዚያ። እናቴ ቪድዮውን ለእቴቴ ዘሃራ አሳየቻት። እሷ ምን አለች? «ግራ እግራቸው ጥሩ ነው። ድገሚልኝ።»

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ከአስፋልቱ ዳር ባለው ባዶ ቦታ ተሰብስበን ነበር፤ ቡድኑ ይቀጥል ይፍረስ እያልን። ፍየሎቿን እየሰደበች በዚያ መጣች፤ አየችንና መንጃዋን ተደግፋ ቆመች።

ሃያት አላስቻላትም። «እቴቴ፣ ደሴን በላሽብን» አለች።

«ደሴ መሄድ አማራችሁ?»

«አማረን።»

«በኔ እግር?»

ዓይናችን ወደ ተሰነጠቀው ተረከዟ ሄደ።

«እኔ ያንን ስጎትት እናቶቻችሁ አልተወለዱም» አለች። «እናቶቻችሁ ጨፈሩት፣ እሰየው። እናንተም ጨፈራችሁት። የእናንተስ የታለ? ለልጆቻችሁ የምትሰጡት የኔን ብጥስ ጫማ ነው?»

«አዲስ ካመጣን ነጥብ ይቀነሳል» አለች ሃያት፣ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ይቀነስ። ፍየልም ስትወልድ ትከሳለች። አብሽሩ።»

እና ተቀመጠች። ሄዳ ታርፋለች ስንል ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። ጀመርን። ኧረ አቤት የሠራነው ጉድ። ሃያት በአንድ እግር ልትሽከረከር ብላ ቁጭ አለች። እኔ ከቲክቶክ ያየሁትን አንድ ነገር ሞከርኩ፣ «ይሄ ተረከዝ የለውም፣ እንፋሎት ነው» ብላ ጣለችው። ሌላዋ ያመጣችውን «ፍየል ሲያስነጥስ» አለችው። እንደዚያ ስንል፣ መደዳውን ወደ አስፋልቱ ሁለት ምት እየመታን ስንገፋ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። የኛ መንገድ ዋናው የሰሜን መንገድ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያደገች ልጅ ሁሉ አይሱዙ ስትሰማ ሳታስበው ገላዋ ወደ ኋላ ይላል። ሁላችንም እኩል ወደ ኋላ ተለጠጥን፣ መኪናው አለፈ፣ እኩል በሦስት ፈጣን ምት ወደ ፊት ገባን። ማንም አልመከረም።

እቴቴ ዘሃራ ከድንጋዩ ላይ ተነሣች። ሣቀች፣ ሣቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውኃ ሰጠናት። «ይቺ ትያዝ» አለች። «ድገሙልኝ። መኪና ሳይመጣ።»

ደገምን። እንደገና ደገምን። በየቀኑ ማታ ማታ ከገበያ ስትመለስ ቆማ ታየን ጀመር፤ ወገባችንን በመንጃዋ ጫፍ ነካ እያደረገች «ከዚህ ነው የምትፈሪው፣ ከአንገት አይደለም» ትላለች። ሃያት ግጥም አወረደችበት። የጭፈራውን ስም አይሱዙ አልነው። ከሁሉ የገረመኝ መምህር ጌትነት ናቸው፤ ዓይተው ዓይተው «እኔ ይህን የማስገባበት ቅጽ የለኝም» አሉና ኮታቸውን አውልቀው መሐላችን ገቡ። ጎጃሜ ናቸውና በትከሻ ነበር ከመኪናው የሸሹት።

በሚቀጥለው ወር ፍየሎቿ ብቻቸውን መጡ።

ጥር ላይ የሃያት ዘመድ ዋጃ ላይ ተዳረች። ያለ እቴቴ ዘሃራ የመጀመሪያ ሠርጋችን ነበር። ለመጨፈር እግሬ ፈቃደኛ አልነበረም፤ ሃያት እየጎተተች አስገባችኝ። ጎተትን ጨፈርን፤ ዋጃዎች ወሬውን ሰምተው ኖሮ ሲመጣ «ዘሃራ፣ ዘሃራ» እያሉ ተቀበሉ። የጥንት ነው የሚለው ቀርቶ የእሷ ሆኗል። ከዚያ ሃያት ድምፅዋን ቀየረችና አይሱዙን አወረደች። ሁለት ምት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ልጥጥ፣ ሦስት ምት። የማያውቁት ዋጃዎች አንድ ዙር ዝም ብለው አዩን። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጃገረዶቹ ገቡ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ፣ ኪቦርድ መቺው መከተል አቅቶት እጁን አንሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ።

ላቤን ልጠርግ ዳር ወጣሁ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ለአጠገባቸው ጎረምሶች ያስረዳሉ።

«ይሄ» አሉ በዱላቸው ወደ ጭፈራው እያመለከቱ፣ «የአባቶቻችን ነው። ጦር ሲወረወርባቸው እንዲህ ወደ ኋላ ብለው ያሳልፉታል፣ ከዚያ ይገባሉ። እኛ በልጅነታችን እንጨፍረው ነበር። ቀርቶ ከርሞ ነው፣ አላህ ይስጣቸው፣ እነዚህ ልጆች መለሱልን።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። «አያ» አልኳቸው፣ «ይሄን ያወጣነው እኛ ነን፣ ጥቅምት ላይ። ከአይሱዙ ስንሸሽ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው።

«አባትሽን አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው» አሉ። «አንቺ ግን ያልነበርሽበትን አታውሪ።»

ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙና ገቡ። ሁለት መቱ፣ ወደ ኋላ ተለጠጡ፣ የማይታየውን ጦር አሳለፉ፣ ሦስት መቱ። እውነት ለመናገር ከሁላችንም አሳምረው ጨፈሩት።